ምንም አልሆነም የሚል ውል

ለፋሲካ አንድ ቀን ሲቀረው ሰሉዋ በሊጧ ተናዳ ነበር። ሊጡ ምንም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የመርከበኞቹ ነው። የእህሉ መርከብ ገና በማለዳ ይደርሳል ተብሎ፣ እሷም ለመርከበኞቹ ዳቦ ጋግራ ልትሸጥ አንድ ትልቅ ገበቴ ሙሉ አቡክታ አሳድራ ነበር፤ መርከቡ ግን ዓባይ ላይ የት ቦታ አሸዋ ይዞት እንደቀረ ወሬው እንኳ የለም። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከገበቴው አፍ ሊያመልጥ ደርሷል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ እርሾ የነካው ነገር ሁሉ ከአይሁድ ቤት ተጠራርጎ መውጣት አለበት።

"ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብለው እህል ሲያራግፉ ይከርማሉ፣ ዛሬ ዛሬ ሲባል ይጠፋሉ" አለች ለራሷ። የሚሰማት ሰው ባይኖርም መናገር አላቆመችም፤ ሰሉዋ አድማጭ ከሌለ ለግድግዳው የምታወራ ሴት ናት። ባሏ በዓባይ ደሴት ላይ ያለው የዬብ ምሽግ ወታደር ነበር። አባቷም፣ አያቷም ወታደር ነበሩ። ከይሁዳ ተሰደው ወደ ግብፅ የወረዱት ቀደምቶቿ እዚህች ደሴት ላይ የድንበር ጠባቂ ሆነው ከተቀጠሩ ብዙ ትውልድ አልፏል፤ ጌታው ድሮ ፈርዖን ነበር፣ ዛሬ የፋርስ ንጉሥ ነው፣ ጥበቃው ግን ያው ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰሉዋ በዳቦ ትተዳደራለች።

ቤቷ የተሠራው መቼም ሰው አስቦ በማይሠራበት ቦታ ነው። ከፊት ለፊቷ አይሁዶች ለሰማይ አምላክ የሠሩት ቤተ መቅደስ፣ ከጀርባዋ ደግሞ ግብፆቹ ክኑምን የሚያመልኩበት ቅጥር አለ። ክኑም የአውራ በግ ራስ ያለው አምላክ ነው። ካህናቱም አንድ የተመረጠ አውራ በግ በቅጥራቸው ውስጥ አኑረው፣ አምላካችን ራሱ ይኸው ነው ብለው ይንከባከቡታል። በየዓመቱ ፋሲካ ሲመጣ ታዲያ ከፊት ያሉት ጠቦት ያርዳሉ፣ ከኋላ ያሉት ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። "ሁለቱ እንዳይደራረሱ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፤ ግድግዳቸው እኔ ነኝ" ትላለች ሰሉዋ።

ሊጡን መጣል ሆዷ እምቢ አላት። ለጎረቤቷ ለጀልበኛው ለፓሂ ሚስት እሰጣታለሁ ብላ ገበቴውን ግቢው ውስጥ ትታ፣ ጣራው ላይ የቀረ ፍርፋሪ ካለ ልትጠርግ መጥረጊያዋን ይዛ በደረጃው ወጣች። ፓሂ ግብፃዊ ነው፤ ለእሱ ፋሲካ የለበትም።

ጠርጋ ስትወርድ ግቢዋ ውስጥ እንግዳ አገኘች።

ቀንዱ በወርቅ ተለብጧል። ጀርባው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተደርቦለታል። ሽቶው እስከ ደረጃው ድረስ ይሸታል። አፍንጫውን ሊጡ ውስጥ ቀብሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ይበላል።

ሰሉዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ተጣራች። "አንተ ፓሂ። ና እስቲ፤ አምላክህ ጠፍቶብሃል።"

ፓሂ ጀልባ በዓባይ ፏፏቴ ድንጋዮች መሀል እየሳቀ የሚያሳልፍ ሰው ነው። ውኃ ሲያገሳ አይደነግጥም። በሰሉዋ በር ብቅ ብሎ ያየውን ሲያይ ግን መሬት ላይ በግንባሩ ተደፋ።

"እትዬ ሰሉዋ" አለ ግንባሩን ሳያነሳ፣ "እባክሽ ድምፅሽን ቀንሺ። አምላክ እየበላ ነው።"

"አያለሁ። የሚበላው የኔን ሊጥ ነው።"

"ይባረክልሻል።"

"ለበረከት አይደለም ያቦካሁት። በል ተነሥና ቀንዱን ይዘህ አውጣልኝ።"

"ቀንዱን? እጄ ይደርቃል።"

"እንግዲያው በጭራው ጎትተው።"

"እትዬ ሰሉዋ፣ ተይ እንጂ።"

"እኔ ራሴ እንዳላወጣው ነገ ፋሲካ ነው። አይሁዳዊት ሴት በፋሲካ ዋዜማ የክኑምን አውራ በግ ስትጎትት ብትታይ፣ ወዴት ልትወስደው ነው የሚሉት? ለሽርሽር?"

ሁለቱ ሲከራከሩ እንግዳው ሥራውን አላቋረጠም፤ ገበቴውን ልሶ ጨረሰ፣ ከዳር ዳር የተንጠባጠበውንም ለቀመ። ከዚያ ቀና ብሎ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። የሆነ ነገር ትዝ ያለው ይመስላል።

ሆዱ መነፋት ጀመረ። በመጀመሪያ የግራ ጎኑ ብቅ አለ፣ ከዚያ የቀኙ ተከተለ፣ ሰማያዊው ጨርቅ ከበሮ ላይ የተወጠረ ቆዳ መሰለ። አውራው ተንገዳገደና ከደረጃው ሥር ተጋደመ።

"ምን ሆነ?" አለ ፓሂ።

"ሊጡ ሆዱ ውስጥ እየቦካ ነዋ። ፀሐዩን አታየውም? ኩፍ ይላል።"

"ይሞታል?"

ሰሉዋ የሚመጣውን አሰበች። የክኑም አውራ በግ በአይሁዳዊት ቤት፣ በፋሲካ ዋዜማ ቢሞት፣ ሊጥ በልቶ ነው ሲባል ማን ያምናል? እሷን ብቻ ቢቀጧት አንድ ነገር ነው። የሚቀጥለው ድንጋይ ግን የሚወረወረው ፊት ለፊት ባለው ቤተ መቅደስ ላይ ነው።

"ኤስሆርን ልጥራው?" አለ ፓሂ ቀስ ብሎ። "የሚጠብቀው ካህን እሱ ነው።"

"ኤስሆር? ባለፈው ዓመት የጠቦታችሁ ጭስ አፍንጫዬ ገባ ብሎ ለፋርሱ አዛዥ የከሰሰን ኤስሆር?"

"እሱ።"

"ያ ፊቱ የማይፈታው?"

"እሱ ነው እትዬ።"

"እና ምን ትጠብቃለህ? ሩጥ።"

ፓሂ ሲሄድ ሰሉዋ በሯን መልሳ ከአውራው አጠገብ ተቀመጠች። አውራው በትልልቅ ቢጫ ዓይኖቹ አያት፤ ያቃስታል። ባሏም ከድግስ ሲመለስ እንዲህ ነበር የሚያያት፤ በልቶ የታመመው እሱ፣ ጥፋተኛዋ እሷ። አሳዘናት። ጎኑን እያሸች ማውራት ጀመረች።

"ስማ" አለችው፣ "እኔ የማመልከው አንድ የሰማይ አምላክ ነው፤ ከአንተ ጋር ጉዳይ የለኝም። ዛሬ ብቻ ግን እለምንሃለሁ፣ አትሙትብኝ። ከነገ ወዲያ የፈለግከውን ሁን።"

ኤስሆር ብቻውን መጣ። የተላጨ ራሱን በፓሂ የዓሣ ጆንያ ሸፍኖ፣ ነጭ የበፍታ ልብሱን ሰብስቦ፣ እንደ ሌባ ግድግዳ ተጠግቶ ነው የገባው። ሰሉዋ ይህን ስታይ አንድ ነገር ገባት፦ ካህኑም ፈርቷል።

"ምን አበላሽው?" አለ ጆንያውን ጥሎ።

"እኔ አላበላሁትም። ራሱን ነው የጋበዘው። በርም አላንኳኳ።"

ኤስሆር ገበቴውን አየ፣ ሆዱን አየ። "የቦካ ሊጥ። ይህን ሁሉ። ይሄ እንስሳ እኮ..." አለና አፉን ያዘ። እንስሳ ማለቱ ለራሱም አስደነገጠው። ፓሂ ያልሰማ ለመምሰል ጣራ ጣራውን ማየት ጀመረ።

"ለመሆኑ እንዴት ከቅጥሩ ወጣ?" አለች ሰሉዋ። "በራችሁ መወርወሪያ የለውም እንዴ?"

"አለው።"

"ታዲያ ማን ከፈተው?"

"ከምሳ በኋላ ትንሽ ጋደም ብዬ ነበር" አለ ኤስሆር፣ ማንንም ሳያይ። "ዘይት አለሽ?"

"የመብራት አለ። የጉሎ።"

"አምጪው።"

ከዚህ በኋላ ኤስሆር ሌላ ሰው ሆነ። ልጅነቱን በሙሉ ያሳለፈው ከበጎች ጋር ነው፤ ካህን የሆነው ኋላ ነው። እጅጌውን ጠቅልሎ ተንበረከከ። የአውራውን የፊት እግሮች ከፍ ባለው ደረጃ ላይ አወጣ፣ የኋላውን ከታች አስቀረ፣ ፓሂን ቀንዱን ያዝ አለው።

"ጌታዬ፣ እጄ ይደርቃል።"

"ባትይዝ እኔ ራሴ አደርቀዋለሁ። ያዝ።"

ፓሂ ዓይኑን ጨፍኖ ወርቁን ጨበጠ። ሰሉዋ የአውራውን መንጋጋ ፈልቅቃ ዘይቱን በማንቆርቆሪያ አጠጣችው፤ ግማሹ ወደ ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ክንዷ ፈሰሰ። ኤስሆር ከጎኑ ሆኖ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው በሁለት እጁ ሆዱን ይገፋል፣ ይለቃል፣ ይገፋል። ላቡ ከተላጨው ራሱ ላይ ይንቆረቆራል። የሆነ ቦታ ውስጥ ለውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ።

"እየመጣ ነው" አለ ኤስሆር።

"ከየት በኩል?" አለች ሰሉዋ።

ክኑም አገሳ። ጣራው ላይ የነበሩት ርግቦች በሙሉ ተነሥተው በረሩ። ፓሂ ቀንዱን ለቅቆ በጀርባው ወደቀ። ሊጡ፣ ዘይቱ፣ ጠዋት የበላው ድርቆሽ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ የካህኑን ነጭ ልብስ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ አለበሰው። ሆዱም ሟሸሸ።

አውራው ተነሥቶ ራሱን አራግፎ ቆመ።

"አምላክ ተናገረ" አለ ፓሂ ከወደቀበት፣ በሹክሹክታ።

"ምን አለ?" አለች ሰሉዋ።

ኤስሆር ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "ሊጡ ጨው ይጎድለዋል አለ።"

ሰሉዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። ኤስሆር ሳቁን ለመያዝ ታግሎ አልቻለም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፓሂ መሳቅ ይፈቀድ እንደሆነ ካህኑን ሰርቆ አይቶ፣ ተፈቅዷል ብሎ ሲያምን ከሁሉም በላይ ጮኾ ሳቀ።

እንዲህ እያሉ ሳለ ጋዱል በሩን ከፍቶ ገባ። ጋዱል የሰሉዋ ዋርሳ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ የአይሁዶቹ ማኅበር ጸሐፊ በመሆኑም የመቃ ብዕሩና የደንገል ወረቀቱ ከብብቱ አይለዩም። በየቤቱ እየዞረ እርሾ መውጣቱን ሲያረጋግጥ ነው የዋለው።

"እትዬ፣ እርሾው ወጥቷል ወይ?" አለ ገና ዓይኑ ጥላውን ሳይለምድ።

"አሁን ወጣ" አለችው፣ ወደ ካህኑ ልብስ እያሳየች።

ጋዱል አየ። በዓይኑ ከካህኑ ወደ በጉ፣ ከበጉ ወደ ዘይቱ ሄዶ ተመለሰ። በሩን ዘጋና ጀርባውን አስደገፈበት። "ማን ያውቃል ይሄን?"

"እኛ ብቻ" አለች ሰሉዋ።

"እንግዲያው ይጻፍ።"

"ለምኑ? ማንም ካላወቀ ለምን ይጻፋል?"

"ነገ ቢያስለውስ?" አለ ጋዱል አውራውን እየጠቆመ። "በወሩ ቢሞትስ? አይሁዶቹ መርዘውት ነው ይባላል። ምን ይዘን ነው የምንከራከረው?"

"እሱ ልክ ነው" አለ ኤስሆር ሳይታሰብ። "እኔም ጓደኞቼ በሩን ማን ከፈተው ቢሉኝ የምይዘው ነገር እፈልጋለሁ።"

ጋዱል ተደስቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ብዕሩን ነከረ። እየጻፈ ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ አለው። "በዚህ ዕለት፣ በዬብ ምሽግ፣ የክኑም በግ ወደ ሰሉዋ ቤት ገብቶ..."

"በግ አይባልም" አለ ኤስሆር።

"ታዲያ ምን ይባላል?"

"አምላክ ክኑም።"

"በዚህ እጄ? ነገ ጠቦት የሚይዝ እጅ እኮ ነው። አልጽፍም።"

"በግ ካልክ አልፈርምም።"

"ባለ ቀንዱ በሉት" አለች ሰሉዋ።

"ፍየልም ባለ ቀንድ ነው" አለ ኤስሆር፣ ተቀይሞ።

ፓሂ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዳው ብትሉትስ?"

ሁሉም ዞረው አዩት። ጋዱል በጉን ሰርዞ እንግዳው ብሎ ጻፈ። "እንግዳው ወደ ሰሉዋ ቤት ገብቶ ሊጥ በላ።"

"ሳይፈቀድለት ሰርቆ ማለት ነው?" አለ ኤስሆር። "ይህማ ስድብ ነው። ተጋብዞ በላ በል።"

"ጋበዝኩ ብዬ ከፈረምኩ አለቀልኝ" አለች ሰሉዋ። "ማኅበሩ ለባዕድ አምላክ በፋሲካ ዋዜማ ግብር አገባች ብሎ ያወጣኛል። በዚያም ላይ እርሾ ያለበት።"

ጋዱል ይህንም ሰረዘ። "እንግዳው ታመመ።"

"አይታመምም" አለ ኤስሆር።

"እንግዲያው ዳነ ልበል።"

"ካልታመመ ከምን ይድናል?" አለች ሰሉዋ።

ጋዱል ሰረዘ። ካህኑ አንድ ቃል ሲነቅል እሷ አንዱን ትነቅላለች፤ በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ምሽጉና የሰሉዋ ቤት ብቻ ቀሩ። ጋዱል የቀረውን አየ። ቅር የሚለው መስሏቸው ነበር፤ ዓይኑ ግን በራ። አዲስ ወረቀት አወጣና ሳያቆም ጻፈ። "በዚህ ዕለት፣ በዬብ ምሽግ፣ በሰሉዋ ቤት ምንም አልሆነም። የቤቱም ወሰን ይህ ነው፤ በምሥራቅ የጀልበኛው የፓሂ ቤት፣ በምዕራብ የንጉሡ መንገድ..."

"ምንም ላልሆነበት ቤት ወሰን ምን ያደርግለታል?" አለች ሰሉዋ።

"የት ቦታ ምንም እንዳልሆነ መታወቅ አለበት" አለ ጋዱል፣ ቀና ሳይል። "ቅጣቱስ? ቅጣት የሌለው ውል ውል አይደለም። ከእናንተ አንዱ የሆነ ነገር ሆኗል ብሎ ቢናገር ምን ይክፈል?"

ሰሉዋ አሰበች። "ኤስሆር ከተናገረ ለፋሲካችን አንድ ጠቦት ይስጥ። በራሱ እጅ ጎትቶ ያምጣ።"

የካህኑ ፊት ተለዋወጠ። "እሷ ከተናገረች" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዓመት ሙሉ የእንግዳውን ጉረኖ ትጥረግ። ሰው እያያት።"

"ፓሂስ?" አለ ጋዱል።

"ፓሂ ከተናገረ ሁለቱንም" አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ።

የቀረው ምስክር ነው። ውል ያለ ምስክር አይጸናም፣ ምስክር ከመጣ ደግሞ ምስጢሩ ይወጣል። ጋዱል ግን ይህንንም አስቦበታል። በጉን ከደረጃው ኋላ አስደብቆ፣ ኤስሆርን በጆንያው አስሸፍኖ፣ ከመንገድ አራት ሰዎች ጠርቶ በሩ ላይ አቆማቸው።

"ዛሬ በዚህ ቤት የሆነ ነገር አይታችኋል?"

"አላየንም" አሉ።

"ሰምታችኋልስ?"

"ሰሉዋ ስትስቅ" አለ አንዱ።

"እሱ አይቆጠርም። እንግዲህ ምንም አለመሆኑን መስክሩ።"

ሰዎቹ ተያዩ፣ ትከሻቸውን ሰበቁ፣ ስማቸውን አጻፉና ወደ ሥራቸው ሄዱ። ጋዱል ከዚያ ወዲህ የዚያን ውል ያህል እውነተኛ ምስክር የቆመበት ውል ጽፌ አላውቅም ይል ነበር፤ የምን ውል ሲሉት ግን ወሬ ይቀይራል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኤስሆር እንግዳውን በኋላ በር አስወጣው። ልብሱን ሰሉዋ በውኃ አሸት አሸት አድርጋለት ነበር፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። ደፍ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

"ነገ ስታርዱ" አለ።

ሰሉዋ ወገቧን ያዘች። "ስናርድ ምን?"

"ጭሱ ወደኛ ነው የሚመጣው።"

"ነፋሱን እኔ አላዘው።"

"አውቃለሁ። መስኮቴን እዘጋለሁ ልልሽ ነው።" ይህን ብሎ አውራውን እየመራ ሄደ። ሰሉዋም ከኋላው በሩን ዘጋች።

በማግስቱ ፋሲካ በጋዱል ቤት ሆነ። ጠቦቱ ተጠበሰ፣ ቂጣው ተጋገረ፣ መራራው ቅጠል ቀረበ፣ ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ። ማታው ጨዋታ ሲደራ አንዷ የጋዱል ምራት አህያዋ ጉድጓድ የገባችበትን አወራች። ሌላዋ የጎረቤቷ ልጅ ማግባቱን አወራች። ሁሉም ካወሩ በኋላ እንደ ወትሮው ወደ ሰሉዋ ዞሩ፤ ጨዋታውን የምትዘጋው እሷ ናትና።

ሰሉዋ አፏን ከፈተች። ከሰባት ትውልድ ወዲህ በዚያች ደሴት ላይ ያልተወራ ወሬ ምላሷ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ከማዶ ጋዱል ቂጣውን እንደያዘ ቀርቶ ያያታል።

"አንቺስ?" አሏት። "ዋዜማው እንዴት ዋለ? ርግቦቹ ሲበሩ አይተናል።"

"ምንም አልሆነም" አለች ሰሉዋ።

አንዷ ምራት ተነሥታ ግንባሯን ዳሰሰቻት። ሌላዋ ሐዘን የተረዳች መስሏት ከንፈሯን መጠጠች። ጠቦት አነሰሽ ወይ፣ ምን ጎደለሽ እያሉ ሳህኗን ሞሉላት። ሰሉዋም አፏ ሥራ እንዲያገኝ በላች፣ በላች፣ እስኪያማት በላች።

በዓሉ አልፎ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ አንድ ምሽት ጣራዋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ከታች ዓባይ በድንጋዮቹ መሀል ይጮኻል። ፓሂም በራሱ ጣራ ላይ ነበር፤ ጣራቸው የተያያዘ ነው። እሱም ከስቷል። ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም፤ ሚስቱ የሰማችው በማግስቱ ገበያ ይውላል።

"እትዬ ሰሉዋ" አለ።

"ምን ሆንክ?"

"ከመካከላችን አንዱ ለሰው ቢናገር ነው ያለው ውሉ። እርስ በርሳችን ብንነጋገርስ? እኛማ እናውቀዋለን። እንደመናገር ይቆጠራል?"

ሰሉዋ ዞራ አየችው። ጋዱልን መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ጋዱል ግን ይህን ከሰማ አንቀጽ ይጨምርበታል።

"አይቆጠርም" አለች። "ና፣ ተጠጋ።"

ፓሂ ተጠግቶ እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። "ከሊጡ ጀምሪ።"

"ከሊጡ ምን ያስጀምረኛል? ከመርከቡ ነው የሚጀመረው" አለች ሰሉዋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ። "መጀመሪያ እነዚያ መርከበኞች..."